ከባለሱቁ ጀምሩ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጥሩ ቸኮሌት ገዝቶ ማጣጣም

ጥሩ ቸኮሌት ለመብላት ቦሌ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፤ ሁሉም ዛሬ ኬክ ቤትም ሚኒማርኬትም አላቸው። የሰፈሩን ሰው በስም የሚያውቁ፣ የማን ልጅ ምን እንደሚወድ የሚያስታውሱ ባለሱቆችም አሏቸው። እኔ እነዚህን ሱቆች ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወጣ ብሎ፣ ሁለት ሱቅ ገብቶ፣ ትንሽ ተጫውቶ፣ ቸኮሌት ገዝቶ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብሎ መቅመስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደስታው ግን ሳምንቱን ሙሉ ይቆያል።

ዘዴ ግን ይፈልጋል። ቸኮሌት ስስ ነገር ነው። ውስጡ ያለው የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ይህ ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። አፍ ውስጥ እንደዚያ ቀልጦ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ያረፈበት መደርደሪያ ላይ የሚበላሸውም ለዚሁ ነው። ሽታም ይስባል። ሳሙና አጠገብ ከከረመ ሳሙና ሳሙና ይላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቸኮሌት በአንዱ ሱቅ ግሩም ሆኖ፣ መንገድ ተሻግሮ ባለው ሱቅ ጣዕሙ የጠፋ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የባለሱቁ አያያዝ ነው። ለዚህ ነው ከቸኮሌቱ በፊት ባለሱቁን እወቁ የምለው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ካካዎ የሞቃትና የእርጥብ ቆላ ዛፍ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ከኮትዲቯርና ከጋና ይመጣል። ሸዋ ደጋ ላይ አይበቅልም። እዚህ አካባቢ ኬክ ቤቶችና ትናንሽ ሠሪዎች የሚያዘጋጁት ቸኮሌት ካካዎው ከውጭ የገባ ነው። ሙያው፣ ወተቱ፣ ማሩ፣ ሎዙ፣ ሰሊጡና ቡናው ግን የእኛ ነው። ይህ ምንም አያሳንሰውም። ቤልጅየምና ስዊዘርላንድም ካካዎ አያበቅሉም።

1. ከተማውንና ሰዓቱን ምረጡ

በአንድ ቀን ሦስት ከተማ ለማዳረስ አትሞክሩ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሱቅ ይበቃል። የሚጣደፍ ሰው ከባለሱቅ ጋር አይጫወትም።

የአየሩን ጠባይ አስቡ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ትበርዳለች። እዚያ ቸኮሌት ያለ ፍሪጅ ደህና ይቆያል። ሆለታም ቀዝቀዝ ያለች ናት። ቢሾፍቱ ግን ወደ 1,900 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ ፀሐይዋ ጠንካራ ነው። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሆለታ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ወደ ቢሾፍቱ ብትሄዱ ይሻላል። ጥቅምትና ኅዳር ግን ለሆለታም ጥሩ ናቸው። የአደይ አበባው ማር የሚቆረጠው ያኔ ነው። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ ማርና ጥቁር ቸኮሌት ደግሞ አብረው ሲበሉ ድንቅ ናቸው።

ትራንስፖርቱ ቀላል ነው። ለሱሉልታ ከአዲሱ ገበያ፣ ለሆለታ ከአስኮ፣ ለሰበታ ከአየር ጤና፣ ለለገጣፎና ለሰንዳፋ ከላምበረት፣ ለዱከምና ለቢሾፍቱ ከቃሊቲ ትሳፈራላችሁ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ባለሱቁ ገና ዕቃ እያወጣ፣ ደጁን እየጠረገ ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሙስሊም ባለሱቆች ለጁምዓ ይዘጋሉ። የከተማዋ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ሱቁ በገጠር ገበያተኛ ይሞላል፤ ጨው፣ ስኳርና ዘይት የሚገዛ ሰው ተሰልፎ እናንተ ስለ ቸኮሌት መጠየቅ አይሆንላችሁም። የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ሾፌሩን ወይም ረዳቱን ጠይቁ።

2. ጥቂት ነገር ያዙ

ዝርዝር ብር ያዙ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ግን ዝርዝሩ ያድናችኋል። የጨርቅ ቦርሳ፣ አንድ ወፍራም ፎጣና የሚጠጣ ውሃም ይኑራችሁ። ፎጣው ለቸኮሌቱ ነው፤ ጥቅሙን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

3. ሱቁን ከደጅ እዩት

ከመግባታችሁ በፊት ቆም በሉና ተመልከቱ። መጀመሪያ ፀሐዩ የት ያርፋል? የመስታወት መደርደሪያው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ ከሆነና ቸኮሌቱ ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደረ ከሆነ በየቀኑ ለሰዓታት ይሞቃል ማለት ነው። አንዴ ለስልሶ እንደገና የጠነከረ ቸኮሌት ቅርጹ ቢመለስም ልስላሴው አይመለስም። አንዳንድ ባለሱቅ መጋረጃ ወይም ካርቶን ይከልልበታል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ስለ ዕቃው ያስባል። ያ ሱቅ ይመቻችሁ።

ሁለተኛ፣ ከቸኮሌቱ አጠገብ ምን አለ? የትንሽ ከተማ ሱቅ ሁሉን ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ይይዛል። ሳሙና፣ ዲተርጀንት፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት። ይህ የሱቁ ውበት ነው፤ አንድ ቦታ ገብቶ ሁሉን ይዞ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ቸኮሌቱ ግን ከሳሙናና ከበርበሬ ራቅ ብሎ፣ ከብስኩትና ከሻይ ቅጠል ጋር መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛ፣ ፍሪጅ። ብዙ ሰው ፍሪጅ ውስጥ ያለ ቸኮሌት ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። አይደለም። ፍሪጁ ውስጥ ቅቤና ሥጋ ካለ ሽታቸውን ይወስዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቸኮሌቱ ላይ እርጥበት ያርፍና ስኳሩን ወደ ላይ ያወጣዋል። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ደረቅና ጨለም ያለ ቦታ ይበቃዋል። የሱሉልታ ሱቅ የኋላ መደርደሪያ ብዙውን ጊዜ ከፍሪጅ ይሻላል።

አራተኛ፣ አቧራውን እዩ። የቸኮሌቱ ወረቀት ላይ አቧራ ካለ ዕቃው አይሸጥም፤ ከርሟል። ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ሱቅ ከረሜላና ርካሽ ቸኮሌት ቶሎ ቶሎ ያዞራል፤ ጥቁር ቸኮሌት ግን ልጆች ስለማይገዙት ይከርምበታል። ለጥቁሩ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለ ሚኒማርኬት ወይም ራሱ የሚሠራ ኬክ ቤት ይሻላል። ኬክ ቤት ውስጥ ደግሞ ለኬክ ማስጌጫ የሚጠቀሙበትን ቸኮሌት በኪሎ ቆርጠው ይሸጡ እንደሆነ ጠይቁ። የሚሸጡ አሉ። የታሸገውን ከመግዛት ርካሽ ሊሆንላችሁ ይችላል።

4. ሰላምታው ይቅደም

ገብቶ «ቸኮሌት አለ?» ብሎ መጠየቅ በትልቅ ሱፐርማርኬት ያስኬዳል። እዚህ ግን እንግዳ መሆናችሁ ከደጅ ጀምሮ ይታወቃል። መጀመሪያ ሰላም በሉ። ቆም ብላችሁ፣ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ። «እንደምን አደሩ እትዬ? ገበያ እንዴት ነው?» ወይም «ጋሼ ደህና አደሩ? ሥራ እንዴት ይዞዎታል?» ሴትየዋ በዕድሜ እናታችሁን የሚያህሉ ከሆነ «እማማ» ወይም «እናቴ» አይከፋም። እኩያ ከሆነ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» በቂ ነው። ትልቅ ሰውን አንተ ወይም አንቺ አትበሉ። እሳቸው ራሳቸው «አንተ በለኝ» ቢሉ እንኳ ትንሽ ቆዩ።

በእነዚህ ከተሞች አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነ ሰው ብዙ ነው። አማርኛ ይግባባሉ። ግን «አካም ጅርቱ?» ብላችሁ ብትጀምሩና ስትወጡ «ገላቶማ» ብትሉ ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ። ቀጥሎ በኦሮምኛ ሲያወሯችሁ ካልገባችሁ በትሕትና ንገሯቸው። ማንም አይቀየምም።

ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ እሱንም ሰላም በሉ። ዱካ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ካሉ በተለይ። እናንተ ተቀምጣችሁ ትልቅ ሰው ከገባ «ኖር» ብላችሁ ተነሱ። ምሳ ወይም ቁርስ እየበሉ ከደረሳችሁና «እንብላ» ካሏችሁ አንዲት ጉርሻ ቅመሱ። ጊዜ ከሌላችሁ «ብሉ፣ ይስማማችሁ» ብላችሁ ጠብቁ። እየበላ ያለ ሰው እጁን ታጥቦ እንዲሸጥላችሁ አታጣድፉት።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። እኔ ሦስት ጥያቄ እወዳለሁ። «ይሄ መቼ ገባ?» «የትኛው ቶሎ ይሸጣል?» «እርስዎ የትኛውን ይወዳሉ?» የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ባለሱቅን ምን እንደሚወድ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዷ «እኔ ቸኮሌት አልበላም፣ ልጄ ግን ይቺን ትወዳለች» ትላለች። ያቺን ግዙ። የልጅቷ ምርጫ ከማስታወቂያ ሁሉ ይታመናል። አንዳንዱ ባለሱቅ ደግሞ ራሱ «ያኛው ከርሟል፣ ይቅርብህ» ይላል። እንዲህ ያለ ባለሱቅ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሱቁን እንዳይለቅ።

ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ። የሱቅ ቸኮሌት ላይ ያለው ትርፍ ትንሽ ነው። ጨክኖ መከራከር ለገበያ ቀን በግ ነው። ከአንድ በላይ ከገዛችሁ ግን «ምርቃት የለውም?» ብሎ በፈገግታ መጠየቅ ያለ ነው። አንድ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ይጨምሩላችኋል። ጠዋት ገና አንድ ሰው ሳይገዛ የገባችሁ እንደሆነ ትልቅ ብር አትዘርጉ። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ አስፈቅዱ። ቦሌ ካለው ሱቅ ጋር እያወዳደሩ ማውራትም ይቅር፤ ሰው ቤት ሄዶ የሌላውን ቤት ማድነቅ ነው።

ቸኮሌቱ ባይኖርም ባዶ እጃችሁን አትውጡ። ክብሪትም ቢሆን፣ ውሃም ቢሆን፣ ሎዝም ቢሆን ግዙ። ያቺ ትንሽ ግዢ በሚቀጥለው ስትመጡ ታስታውሳችኋለች።

5. ወረቀቱን አንብቡ

እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል። ሁለት ደቂቃ ስጡት።

ቀኑን ፈልጉ። ከውጭ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። አገር ውስጥ የተሠራው ግን አንዳንዴ በእኛ ይጻፋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። በእኛ 2018 ዓ.ም. የሚለው በፈረንጆች ከመስከረም 2025 እስከ መስከረም 2026 ድረስ ይሆናል። ስለዚህ «2018» የሚል ቀን አይታችሁ ገና ለገና አልፎበታል ብላችሁ አትመልሱት፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። የተመረተበት ቀንም ካለ ሁለቱን አነጻጽሩ።

ቀጥሎ ምን ምን እንደገባበት እዩ። ዝርዝሩ የሚጀምረው በብዛት ከገባው ነው። መጀመሪያ ላይ ስኳር ካለ ከምንም በላይ ስኳር ነው። «ኮኮዋ ማስ» የተፈጨው ካካዎ ነው። «ኮኮዋ በተር» የካካዎ ቅቤ ነው። በካካዎ ቅቤ ፈንታ «ቬጅቴብል ፋት» ወይም «ፓልም ኦይል» ካለ ሙሉ ቸኮሌት አይደለም። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሙቀት ስለሚችል ኬክ ላይ ይመቻል፤ ልጆችም ይወዱታል። አፍ ውስጥ ግን እንደ ሰም ይንሸራተታል እንጂ በደንብ አይቀልጥም። በሙሉ ቸኮሌት ዋጋ ከተሸጠላችሁ አትግዙት።

70 በመቶ የሚለው ቁጥር የካካዎውና የቅቤው ድምር ነው። የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ነጭ ቸኮሌት የካካዎ ቅቤ እንጂ የተፈጨ ካካዎ የለበትም፤ ለዚህ ነው ነጭ የሆነው።

ጾም ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርብም ጭምር፣ ወተቱን ፈልጉ። «ሚልክ ፓውደር»፣ «ዌይ»፣ «ላክቶስ»፣ «በተር ኦይል» ከተጻፈ የፍስክ ነው። ብዙ ጥቁር ቸኮሌት ወተት የለበትም፤ ሁሉም ግን አይደለም፤ ስለዚህ አንብቡ። ባለሱቆች ይህን በደንብ ያውቃሉ። «የጾም ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ብዙዎቹ ወዲያው ይነግሯችኋል፤ ኬክ ቤቶችም በጾም ወራት የጾም ኬክ አዘጋጅተው ስለሚሸጡ ጥያቄው አዲስ አይሆንባቸውም። ለሙስሊም ጓደኛ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ውስጡ አልኮል ወይም ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ) እንደሌለበት እዩ።

ኬክ ቤት ቸኮሌቱን ራሱ የሚሠራ ከሆነ ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ያኔ ሠሪውን ጠይቁ። በምን ቅቤ እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ ሎዝ እንዳለበት። ሎዝ የማይስማማው ልጅ ካላችሁ ይህ የግድ ነው። ሥራውን የሚወድ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ወደ ውስጥ አስገብቶ ያሳያል።

6. ቁጭ ብላችሁ ቅመሱ

እየሄዳችሁ አትብሉ። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ፈልጉ፤ በየከተማው አሉ። ዱካ ላይ ቁጭ በሉ። ቡናው ያለ ስኳር ይምጣ፤ ጣፋጩ ቸኮሌቱ ነው። ጤና አዳም ካለ ለዚህ ጊዜ ይቅር፤ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ቸኮሌቱን ይሸፍነዋል። የዚያን ቀን ቢሾፍቱ ከሆናችሁ ሐይቅ ዳር፣ በሰበታ ወይም በሆለታ በኩል ከሆናችሁ መናገሻ ሱባ ጫካ ሊሆን ይችላል። የጫካው ጽድ የተተከለው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። እዚያ ከሄዳችሁ ወረቀቱን ጥላችሁ አትምጡ።

ቸኮሌቱ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ወረቀቱን ሳትከፍቱ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ቀዝቃዛ ቸኮሌት ጣዕሙ ተደብቆ ይቀራል።

መጀመሪያ እዩት። ፊቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በደንብ ተሠርቷል፣ በደንብ ተቀምጧል። ነጭ ነገር ለብሶ ብታዩ አትደንግጡ። ሻጋታ ላይሆን ይችላል። በጣት አሸት አድርጉት። ሟሙቶ ከጠፋ ቅቤው ነው ወደ ላይ የወጣው፤ ሙቀት አግኝቶታል። ሻከር ብሎ ከቀረ ስኳሩ ነው፤ እርጥበት ነክቶታል። ሁለቱም ጉዳት የላቸውም። ልስላሴው ግን ቀንሷል። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ካያችሁት ሌላ ጠይቁ፤ ቤት ከገባ በኋላ ካያችሁት የመጨረሻውን ክፍል አንብቡ።

ስበሩት። ጥሩ ቸኮሌት ቀጭ ይላል። አሽትቱት። ጥቁሩ የተቆላ ነገር፣ አንዳንዴም የፍራፍሬ ሽታ አለው። ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ምላስ ላይ አድርጉና አታኝኩ። ይህን ማድረግ ለሐበሻ ይከብዳል፤ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ውጦ መጨረስ ለምደናል። ታገሡ። አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ቀጥሎ መራራው፣ በመጨረሻ ኮምጠጥ የሚል ነገር ይመጣል። ይህ ጣዕም የሚጀምረው እርሻው ላይ ነው፤ የካካዎው ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ ለቀናት ስለሚብላላ ነው። ጠጅና እንጀራ የሚወድ ሕዝብ ይህንን ኮምጣጣነት ሊወደው ይገባል ባይ ነኝ።

ምላሳችሁ አሸዋ አሸዋ ካለው በደንብ አልተፈጨም። ምላስ ከ30 ማይክሮን ገደማ በላይ የሆነውን ቅንጣት ይለየዋል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ለረጅም ሰዓት እየሞቀ ስለሚታሽ ይለሰልሳል፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1879 ሮዶልፍ ሊንት የሚባል ስዊዘርላንዳዊ አመጣው። ትንሽ ሠሪ ያን ማሽን ላይኖረው ይችላል። እኔ በእጅ የተሠራ ቸኮሌት ትንሽ ቢሻክርብኝ አልከፋም። ሠሪው እየለመደ ሲሄድ ልዩነቱን መቅመስ ራሱ ደስ ይላል።

ሁለት ዓይነት ካላችሁ ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ሂዱ፤ በመካከል ውሃ ተጎንጩ። ከዚያ ቡናውን። ትኩስ ቡና አፍ ውስጥ የቀረውን ቅቤ ስለሚያቀልጠው ጣዕሙ እንደገና ይነሳል። የመጀመሪያውን ቁራጭ ለቡና አፍይዋ ስጡ። የጾም ቀን ከሆነ የጾሙን ያዙ፤ የፍስክ ዘርግቶ «እንብላ» ማለት ያሳፍራል።

7. ወደ ቤት ስትመለሱ

ቸኮሌቱን በፎጣው ጠቅልሉና ቦርሳችሁ መካከል አስገቡት። ሚኒባስ ላይ መስኮት ዳርና ሞተሩ ላይ አታስቀምጡ። ቤት ስትደርሱ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ ከበርበሬና ከቡና በራቀ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩት። የግቢ ውሻ ካላችሁ ከእሱም አርቁ። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን ውሻን ይመርዛል፤ ጥቁሩ ደግሞ ይብሳል። ልጆች አዝነውለት እንዳያበሉት ንገሯቸው።

8. በገብስ ቆሎና በሎዝ አድርጉት

ከኬክ ቤት በኪሎ የገዛችሁት ቸኮሌት ካለ ይህን ሞክሩ። 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ አንድ ሲኒ የተቆላ ሎዝ፣ ግማሽ ሲኒ የገብስ ቆሎ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ያስፈልጋል። የባቢሌ ሎዝና የሁመራ ሰሊጥ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። ቆሎው ጨው የሌለበት፣ በደንብ የታሸ፣ ትኩስ የተቆላ ይሁን። የከረመ ቆሎ ጥርስ ይሰብራል።

ቸኮሌቱን በቢላ ከትፉት። ሲሶውን ለብቻ አስቀምጡ። ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ አፍሉና እሳቱን አጥፉ። ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ላዩ ላይ አድርጉ፤ ሳህኑ ውሃውን አይንካ። ሁለቱን እጅ ቸኮሌት ጨምሩና ቀስ እያላችሁ አማስሉ። አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ ቢገባበት ይጓጉላል፤ ማንኪያውም ይድረቅ።

ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ሳህኑን አውርዱ። ያስቀመጣችሁትን ሲሶ ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ። ይህ ነው ሥራው። የተጨመረው ጠንካራ ቸኮሌት የቀለጠውን ያበርደዋል፤ ቅቤው በትክክለኛው መንገድ እንዲረጋም ያደርገዋል። ቴርሞሜትር ካላችሁ 31 ወይም 32 ዲግሪ ሲደርስ ቁሙ። ከሌላችሁ የታችኛው ከንፈራችሁ ላይ ነካ አድርጉ፤ ቀዝቀዝ ያለ ከመሰላችሁ ደርሷል። የቢላ ጫፍ ነክራችሁ ብታስቀምጡት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አብረቅርቆ ከደረቀ ትክክል ነው። ካልደረቀ ትንሽ አማስሉ።

ሎዙንና ቆሎውን ቀላቅሉበት። የኬክ ወረቀት ላይ በስሱ አፍስሱ፤ ሰሊጡን ነስንሱበት። ሱሉልታ ወይም እንጦጦ በኩል የምትኖሩ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተዉት፤ ራሱ ይረጋል። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት። ሲጠነክር በእጅ ሰባብሩት።

ከእሱ ጥቂቱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ቸኮሌቱን ለሸጠላችሁ ባለሱቅ ውሰዱ። ይህን ከሁሉም ደረጃ በላይ አጥብቄ የምመክረው ነው። ባለሱቅ ቀኑን ሙሉ ይሸጣል፤ ከሸጠው ነገር ተሠርቶ ሲመለስለት ያየው ግን ስንት ጊዜ ነው? እንዴት እንደሠራችሁት ንገሩት። ስልክ ተለዋወጡ። በሚቀጥለው ጥሩ ቸኮሌት ሲገባ ይደውልላችኋል፤ ጥቁሩን ቸኮሌት ሰው ስለማይገዛው አላመጣም ሲል የነበረውም ለእናንተ ሲል ሁለት ያመጣል። ዱቤ ግን አትጠይቁ። ዱቤ ለሰፈሩ ሰው ነው፤ ጎረቤት ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ የሚኖርበት ነው።

9. የነጣውን አትጣሉ

ሙቀት ወይም እርጥበት ነክቶት የነጣ ቸኮሌት ወተት ውስጥ ገብቶ ይድናል። ሱሉልታና ጫንጮ የወተት አገር ናቸው፤ ከሄዳችሁ ጥሬ ወተት ገዝታችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ጥሬውን ሳታፈሉ እንዳትጠጡ፤ ብሩሴሎሲስና ቲቢን የመሰሉ በሽታዎች በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። ሙሉ በሙሉ ይፍላ።

ለአንድ ብርጭቆ ወተት 30 ግራም ያህል ቸኮሌት ከትፉ። ወተቱ ፈልቶ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ ትንሹን ቸኮሌቱ ላይ አፍስሱና አሹት፤ ሊጥ ሲመስል የቀረውን ጨምሩ። አንዴ ሁሉን ካፈሰሳችሁበት ይጓጉላል። ቸኮሌት ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት ከስኳር ጋር በደረቁ ቀላቅላችሁ በተመሳሳይ መንገድ ሥሩት። በማር ማጣፈጥ ከፈለጋችሁ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይሁን። ጨው ቁንጥር አድርጉበት፤ ጣዕሙን ያወጣዋል። በጾም በውሃ ወይም በአኩሪ አተር ወተት ይሆናል።

ከተረፈ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። በማግስቱ አሙቃችሁ፣ በደንብ አማስላችሁ ጠጡት።